የቫርኒሽ ክፍሉ ጻድቅ

ሰፈሩም፣ የሚሠራበት የእንጨት ሥራ ቤትም «ጻድቁ» ነበር የሚሉት። ስሙን ያወጡለት ግን አክብረውት አይደለም፤ ሰልችቷቸው ነው። ሰውዬው ሃምሳ ዓመቱን ሲደፍን አንዲት ጭላጭ መጠጥ አልቀመሰም፤ ሲጋራ በከንፈሩ አልነካም፤ ሻይ እንኳ ሲቀዳለት «ቀጠን ይበል፣ ልብ ይመታል» ይላል። ይህን ሁሉ ዝም ብሎ ቢያደርገው ማን በጠላው! እሱ ግን ያላደረገውን ነገር ለሰው ካላወራ እንቅልፍ አይወስደውም። መንገድ ላይ ሲጋራ የለኮሰ ሰው ካየ ቀጥ ብሎ ይቆምና ስለ ሳንባ ያስተምረዋል። ከመጠጥ ቤት እየተወላገደ የሚወጣ ካጋጠመው ደግሞ ጮክ ብሎ፣ ሰው እንዲሰማለት፣ «ምን ዓይነት ሰው ነው ራሱን መግዛት የሚያቅተው?» ይላል። ሰካራሞቹ ሳይቀሩ እሱን ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ፤ ለሰካራም ደግሞ መንገድ መቀየር ቀላል ሥራ አይደለም።

እውነቱን አሁኑኑ እንናገረውና ይውጣልን። በዚያ ሰፈር ከጠዋት እስከ ማታ ሰክሮ የሚውል አንድ ሰው ቢኖር ራሱ ጻድቁ ነበር። የሚጠጣው በአፉ ሳይሆን በአፍንጫው ስለሆነ ማንም አልነቃበትም፤ እሱም ጭምር።

ሥራው የቤት ዕቃ መቀባት ነው። አናጺዎቹ ቁም ሣጥኑንና ጠረጴዛውን ሠርተው ሲጨርሱ ወደ ኋለኛው ክፍል፣ ወደ እሱ ግዛት ይልኩለታል። እሱ በማለስለሻ ወረቀት ያሸዋል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርገዋል፣ ቫርኒሹን በቲነር ያቀጥናል፤ ከዚያ ጥጥ የተጠቀለለበት ጨርቅ እየነከረ አንድ እጅ፣ ሁለት እጅ፣ ሦስት እጅ እያለ ይደራርብበታል። ሲጨርስ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብለህ ጥርስህ መሀል የቀረውን ምግብ ማየት ትችላለህ። የዚህ ሥራ ጠላቱ አቧራ ነው። ገና ያልደረቀ ቫርኒሽ ላይ አንዲት ብናኝ ብታርፍ እንደ ብጉር ጉብ ትላለች። ስለዚህ ጻድቁ መስኮቶቹን በላስቲክ ለብጦ በምስማር መታቸው፤ በበሩ ሥር እርጥብ ጆንያ ወተፈ። እዚያ ክፍል የገባች ዝንብ ትንሽ ዞር ዞር ትልና በጀርባዋ ትዘረራለች። አናጺዎቹ «ዝንቧም ቀማመሰች» እያሉ ይስቁ ነበር፤ ከዝንቧ አልፎ ያሰበ ግን አልነበረም።

ሥራውን ያስተማረው አንድ ሽማግሌ ቀቢ ነው። ጻድቁ ወጣት ሆኖ በመጀመሪያው ቀን ራሱን ዞሮት፣ አስመልሶት፣ ግድግዳ ይዞ ሲወጣ ሽማግሌው ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ትለምደዋለህ፣ ልጄ» አለው። ለመደው። ሽማግሌው በመጨረሻ ዘመኑ ቤቱ እየጠፋበት ሰው ቤት ዘው ብሎ ይገባና «እራት የለም እንዴ?» ይል ነበር። ሰው ሁሉ እርጅና ነው አለ። ቀበሩትና ክፍሉ ለጻድቁ ቀረ።

የሥራ ቤቱ አለቃ፣ ራሱም አናጺ የሆነ ደግ ሰው፣ አንድ ጊዜ ግድግዳው ላይ አየር ወደ ውጭ የሚያስወጣ ማራገቢያ አስገጠመለት። ማራገቢያው በዞረበት ቀን ጻድቁ ራሱን ሲያመው ዋለ። በጥቃቅኑ ተቆጣ፤ ራሱ ያሳመረውን ወንበር በእርግጫ አለው። በማግስቱ «ይሄ ነገር አቧራ ያስነሳብኛል» ብሎ ማራገቢያውን በአሮጌ ሹራብ ወተፈው። አለቃውም አየ፤ እንዳላየ አለፈ። ደንበኛ የሚፈልገው መስታወት የመሰለ ቁም ሣጥን ነው፤ ቁም ሣጥኑ ደግሞ መስታወት መስሎ እየወጣ ነው። የአለቃው ደግነት እዚያ ላይ አበቃ።

ክፍሉ ውስጥ ሲሆን ጻድቁ ሌላ ሰው ነው። ያንጎራጉራል፤ ከቁም ሣጥን ጋር ይቀልዳል፤ ጠረጴዛውን «የኔ እመቤት፣ እስቲ ዞር በይልኝ» እያለ ያሻሸዋል። ቤቱ ሲገባ፣ በተለይ እሁድ ሲመጣ ግን ራሱን ይፈልጠዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ትራሱን ሳይቀር ይሰድበዋል። ሚስቱ ይህን ባየች ቁጥር የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሥራውን ይወዳል፣ እኔን ጠልቶኛል አለች። ምስኪን! ሽታው ጎረቤት ድረስ የሚሰማ ውድ ሳሙና ገዝታ መታጠብ ጀመረች። እሱ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ስለ ሲጋራ ጉዳት ያወራላታል እንጂ አንድም ቀን «ዛሬ ደግሞ በምን ታጠብሽ?» ብሎ አልጠየቃትም። ኩሽና ገብታ ብቻዋን ታለቅስ ነበር።

ታናሽ ወንድም አለው፤ ግንበኛ ነበር። እናታቸው ከሞተች በኋላ ከእነሱ ጋር ይኖር ነበር፤ ይጠጣም ነበር፤ ያውም ጠርሙሱ ራሱ እስኪያዝንለት። የሚገነባው ግድግዳ ቀጥ ያለ ነው፤ የሚጣመመው ወደ ቤት ሲመለስ መንገዱ ብቻ ነው። አንድ ቀን ደጃፉ ላይ ተዘርሮ ሲያገኘው ጻድቁ ፍራሹን ጠቀለለና ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ እያየ መንገድ ላይ ወረወረለት።

«ሱሰኛ ከእኔ ጣራ ሥር አያድርም!» አለ።

ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበር፤ እንዲህ ያለ ንግግር የሚያደርግበትን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስላል። ወንድሙ ፍራሹን ተሸክሞ ሄደ። የጻድቁ ሚስት ብርድ ልብስ ይዛ እስከ መንገዱ ጫፍ ሮጣ ሰጠችው።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ወንድምየው ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ መጣ። መጠጡን ትቷል። አለቃው የሥራ ቤቱ ጥበቃ አድርጎ ቀጠረው። እንዴት እንደተወ፣ የት ሆኖ እንደተወ፣ ጻድቁ አልጠየቀም። በየጠዋቱ ወንድሙ ከበርጩማው ብድግ ብሎ «እንዴት አደርክ፣ ጋሼ» ይለዋል። ጻድቁ አፍንጫውን ሰቅሎ ያልፋል። ለሚስቱ ደግሞ «ይጠጣል፣ ጠብቂ ብቻ፤ ዞሮ ዞሮ ይጠጣል» ይላታል። ወንድሙ አልጠጣ እያለ በዘገየ ቁጥር ይናደድ ነበር።

ነገሩ መፍጠጥ የጀመረው የሥራ ቤቱ ጣራ አፍስሶ ለጥገና የተዘጋ ጊዜ ነው። ሌሎቹ ዕረፍት አገኘን ብለው እግራቸውን ሰቀሉ። ጻድቁ አንድ ቀን እንደምንም ዋለና በማግስቱ አንድ ጣሳ ቫርኒሽና አንድ ጀሪካን ቲነር ተሸክሞ ቤቱ ገባ።

«ቤታችንም ትንሽ ይመርበት እንጂ» አለ።

ሚስቱ ደስ አላት፤ ለጎረቤት ሁሉ «የኔ ባል ዕረፍት አያውቅም» አለች። እሱ መስኮቱን ዘጋ፣ በበሩ ሥር ፎጣ ወተፈ፣ የመኝታ ቤቱን ቁም ሣጥን ቀባ። በማግስቱ ደገመው። ከዚያ ሠለሰው። ከዚያ ወንበሮቹን፣ አልጋውን፣ የመጥረጊያውን እጀታ፣ ማማሰያውን፣ በመጨረሻም ሬዲዮኑን ቀባ። ሬዲዮኑ ዜና እያነበበ መሀል ላይ ድምፁ ታፍኖ ቀረ። ሚስቱ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ስትነሳ የቀሚሷ ቁራጭ ወንበሩ ላይ ቀረ። ቁም ሣጥኑ ደግሞ ከቅብ ብዛት በሩ አልዘጋ አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔን ልትቀባኝ ነው እንዴ የቀረህ?» አለች ቀሚሷን ወደ ኋላ እያየች።

«ቆይ፣ አንድ እጅ ብቻ» አለ፣ ዓይኑ እየበራ።

ወንድሙ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ጣራው እንዳለቀና ነገ ሥራ እንደሚጀመር እንዲነግረው አለቃው ልኮት ነበር። የመኝታ ቤቱን በር ሲከፍት ታላቅ ወንድሙ ራሱን ቁም ሣጥኑ ውስጥ ከቶ፣ ውጭ የቀረው ከወገቡ በታች ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ እዚያ ውስጥ ምን ጠፋብህ?»

«ጥጋ ጥጉን እያየሁ ነው!» አለ ከውስጥ።

ሲወጣ ፊቱ ቀልቷል፤ ዓይኑ አንድ ቦታ አያርፍም፤ ከንፈሩ ላይ ያለ ምክንያት ፈገግታ ተለጥፏል። ወንድሙ አይቶት ሳቅም ሐዘንም ያዘው።

«ይቺን ፊት አውቃታለሁ» አለ። «መስታወት ባየሁ ቁጥር እዚያ ተቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር። ጋሼ፣ ይሄን ቲነር ተወው።»

«ምን አልክ? አንተ ጠጪ! እኔን? እኔ የሥራ ሰው ነኝ!»

«እኔም ስጠጣ ሥራ ላይ ያለሁ ነበር የሚመስለኝ። እንዴት ይደክም ነበር መሰለህ።»

ጻድቁ ጨርቁን ከነቫርኒሹ ፊቱ ላይ ወረወረበት። ወንድሙን ከዚያ ቤት ሲያባርር ይህ ሁለተኛው ነው። ወንድምየው ጉንጩን በእጅጌው ጠራረገ፤ ለሚስቲቱ «መስኮቱን ክፈቺ፣ እቴ» ብሏት ወጣ።

ሥራ ሲጀመር ጻድቁ ደስታው ገደብ አልነበረውም፤ ነገር ግን መበላሸት ጀምሯል። ስንተኛው እጅ ላይ እንደደረሰ ይጠፋበታል። ጨርቁን ሲይዝ እጁ ይርገበገባል፤ ቫርኒሹ እንደ እንባ ይወርዳል። የበሩን መቃን በትከሻው ይገጭና «ይቅርታ» ይለዋል። ለዘመናት አብሮት የሠራውን አናጺ «አንተ... ማነህ...» እያለ ይጠራዋል። አናጺዎቹ እርጅና ነው አሉ። ደግሞ እርጅና! ሃምሳ ዓመት ምኑ ያረጃል? የአለቃው አባት፣ ከእሱ በብዙ የሚበልጡ ሰው፣ ብስክሌት እየነዱ ነው ልጃቸውን የሚጠይቁት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሚስቱ ድንች እሳት ላይ ጥዳ «እየው» ብላው ወጣች። ስትመለስ ኩሽናው በጢስ ተሞልቷል፤ የድስቱ ቂጥ ቀልቷል፤ ድንቹ ከሰል ሆኗል። ባሏ እዚያው ምድጃው ሥር ቁጭ ብሎ ሬዲዮኑን በቢላ ይፍቃል። ጢሱ ዓይኑን አስለቅሶታል፤ የሚነድ ነገር እንዳለ ግን አላወቀም።

«አይሸትህም?!» ብላ ጮኸች።

«ምኑ?»

ድስቱን ወደ ውጭ ወርውራ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ ምን እንደሚጠብቃት አሰበች። ሰኞ ጠዋት እጁን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደችው።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ጊዜ የላትም።

«ይጠጣሉ?» አለችው።

ጻድቁ ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቅ ነው የኖረው። በጉበት ጀመረ፤ ወደ ሳንባ ተሻገረ፤ የዘመኑን ወጣት አነሳ፤ የሰፈሩን መጠጥ ቤቶች አንድ በአንድ ረገመ። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ሲጨርሱ ይንገሩኝ» አለች።

ከዚያ ዓይኑን አስጨፍና አፍንጫው ሥር ሎሚ፣ ቀጥሎ ሽንኩርት፣ ቀጥሎ ሳሙና አቀረበችለት። ለሎሚው «ውኃ» አለ። ለሽንኩርቱም «ውኃ» አለ። ለሳሙናው ትንሽ አሰበና «የሞቀ ውኃ» አለ። ሚስቱ ሳሙናውን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። ለካ አልጠላትም! ለካ ያን ሁሉ ሳሙና ለግድግዳው ነው የታጠበችው! እየሳቀች እንባዋ ወረደ። ሐኪሟ ደግሞ በወለሉ መስመር ላይ ተረከዙን ከጣቱ እያገጠመ እንዲራመድ አዘዘችው። ጥቂት እንደሄደ ተንገዳግዶ የክብደት መመዘኛው ላይ ወጣ።

«ቲነር ሥራው ምንድን ነው?» ጠየቀችው፣ ቀቢ መሆኑን ሚስቱ ነግራት ኖሮ።

«ቅባት ያሟሟል» አለ ኮራ ብሎ።

«አንጎልዎ ከምን የተሠራ ይመስልዎታል? ውኃውን ከተውነው አብዛኛው ቅባት ነው። ነርቭ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ሽፋን አለው፤ ሽፋኑም ቅባት ነው። እርስዎ በየቀኑ ክፍሉን ዘግተው፣ በትንፋሽዎ፣ ቲነር ያጠጡታል። ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ አንጎል ለመድረስ አፍታ አይፈጅበትም። እጅዎ የሚንቀጠቀጠው፣ እግርዎ የሚስተው፣ የሰው ስም የሚጠፋብዎ ሽቦው ስለተላጠ ነው። ጉበትዎንና ኩላሊትዎንም እንመረምራለን፤ እነሱም የተረፉ አይመስለኝም።»

«እሺ፣ መስኮት እከፍታለሁ።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልከፈቱም?»

«አቧራ...»

«ቤትዎ ያለው ቁም ሣጥን ውስጥም አቧራ ነበር?»

ጻድቁ ወደ ሚስቱ ዞረ። ሚስቱ ጣራውን ትመለከት ነበር።

«አንጎል በአፍ ይግባ በአፍንጫ አይጠይቅም» አለች ሐኪሟ፣ አሁን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ደስ ያለውን ይለምዳል። ከለመደ በኋላ ሲያጣው ባለቤቱን ያሠቃያል። ራስ ይፈልጣል፣ ያናድዳል፣ ያንቀጠቅጣል። ሲያገኘው ዝም ይላል። ይሄ ነገር ስም አለው።»

«እንዳትጠሪው!» አለ ጻድቁ።

«ሱስ ነው።»

አሁን ካቆመ ከፊሉ ሊመለስለት እንደሚችል፣ ከፊሉ ግን እንደማይመለስ ነገረችው። ካላቆመ ቀጥሎ እግሩ እንደሚከዳው፣ ከዚያ የሚስቱ ስም እንደሚጠፋው ነገረችው። እሱ ጆሮው ላይ የቀረችው ያቺ አንዲት ቃል ናት። ከፍራሽ ጋር ጠቅልሎ በወንድሙ ላይ የወረወራት ቃል ናት። ወደ ቤት ሲመለሱ አንድ ሰው ጥግ ይዞ ሲጋራ ሲለኩስ አየ። ከልማዱ ቆም አለና አፉን ከፈተ። ሰውዬው ስብከቱን እየጠበቀ አንገቱን ደፋ። ጻድቁ አፉን ዘግቶ አለፈ።

ሚስቱ በዚያው ዕለት ወደ አለቃው ሄደች። ምን እንዳለችው አናጺዎቹ እስከ ዛሬ እየሳቁ ይደግሙታል፤ እዚህ የሚጻፍ ግን አይደለም። አለቃው በኀፍረት የሚገባበት ጠፋው፤ በገዛ እጁ ሹራቡን ከማራገቢያው መዞ አወጣ፤ ላስቲኩን ከየመስኮቱ ገነጠለ። ጻድቁ ሲሻለው ግቢው ውስጥ፣ ነፋስ ላይ፣ ሌላ ሥራ እንደሚሰጠው ማለላት። የክፍሉን ቁልፍ ለጥበቃው ሰጠና «ወንድምህ ወደዚያ ዝር እንዳይል» አለው።

ጻድቁ ቤት ዋለ። ላብ ያጠምቀዋል፤ ወዲያው ደግሞ ይበርደዋል። እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም። ያለቅሳል፤ ምን እንዳስለቀሰው አያውቀውም። ሚስቱ አንድ ጠዋት የጫማ ቀለም ቆርቆሮ አፍንጫው ላይ ደፍቶ አገኘችው።

«ጫማ ልጠርግ ነው» አለ። በባዶ እግሩ ነበር፤ ጫማዎቹ በር ላይ ናቸው።

ለሰፈሩ ሁሉ ራስን ስለ መግዛት ሲያስተምር የኖረ ሰው ከአንዲት የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ጋር ታግሎ ተሸነፈ። ሚስቱ ቆርቆሮውን ነጥቃ ጣለችው፤ እሱን ግን አልሰደበችውም። አቀፈችው። እሱ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ቆርቆሮው የወደቀበትን ቦታ ያይ ነበር።

እሁድ ዕለት እሷ ገበያ ስትወጣ ተነሳ። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለመሰናበት» አለ ለራሱ። ከቲነር ጋር መሰናበት! በሥራ ቤቱ ጀርባ፣ አጥሩ ክፍት በሆነበት በኩል ሾለከ፤ ሱሪው ሽቦ ይዞት ከጉልበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ተተረተረ። የክፍሉ በር ተቆልፏል። መስኮቶቹ ከፍ ያሉ ናቸው፤ ፍርግርግም አላቸው። ግራና ቀኙን አየ። ማንም የለም። ተንበረከከ፣ አፍንጫውን የቁልፉ ቀዳዳ ላይ ደገነ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በረጅሙ ሳበ።

አፍንጫው ሽታ ባይለይ ራሱ ይለያል፤ ምንም የለም። ውስጥ ማራገቢያው ሲዞር ይሰማዋል። በቀዳዳው የሚመጣው ንጹሕ አየር ብቻ ነው። እንደገና ሳበ። ንጹሕ አየር እንዲህ አስጠልቶት አያውቅም።

«ጋሼ።»

ወንድሙ ከኋላው ቆሟል። ጻድቁ እንደተንበረከከ ዞረ።

«የቁልፉን ቀዳዳ... ዝጎ እንደሆነ ላየው ብዬ...»

«በአፍንጫህ?»

ጻድቁ የበሩን እጀታ ጨበጠ።

«ክፈትልኝ» አለ። «ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ራሴ ሊፈርስ ነው። በእናታችን ይዤሃለሁ፣ ክፈትልኝ።»

«ወንድሜ» ብሎ ከጠራው ዘመን አልፏል። ወንድምየው ቁልፉን ከኪሱ አወጣና አየው። ጻድቁም አብሮ አየው። ቁልፉ ተመልሶ ኪስ ገባ።

«አልከፍትም። ከፈለግህ ታግለህ ውሰደው። የኔ እጅ ከመጠጡ ወዲህ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ያንተም ይኸው ይንቀጠቀጣል፤ ማን እንደሚያሸንፍ እንጃ።»

ጻድቁ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ለቅሶ ነው። በሩን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ትልቅ ሰው፣ ሱሪው የተተረተረ፣ አፍንጫው ጫፍ ላይ የቁልፍ ቀዳዳ ዝገት ያለበት፣ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ወንድሙ አጠገቡ ወርዶ ተቀመጠ። አልመከረውም፤ ስለ ሳንባ ቢሆን፣ ስለ ጉበት ቢሆን ያነሳው ነገር የለም።

«ያልፋል?» አለ ጻድቁ፣ ትንፋሹ ሲመለስለት።

«ይመጣል፣ ያልፋል። ደግሞ ይመጣል። ሲመጣ ክፉ ነው። እኔ እንኳ ግድግዳ ሲራመድ አይቼ፣ የገነባሁት እኔ ነኝ ብዬ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ወደ ማታ ትንሽ ይላላል። እስከዚያ አብሬህ እቀመጣለሁ።»

«የግቢው በርስ? ማን ይጠብቀዋል?»

«በእሁድ ምድር ቁም ሣጥን ተሸክሞ የሚሮጥ ማን ነው?»

ጻድቁ ጉልበቱን አቅፎ ይንቀጠቀጣል። ወንድሙ ኮቱን አውልቆ ትከሻው ላይ ጣል አደረገለት። ብዙ ቆይቶ ጻድቁ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ ጠየቀ።

«አንተ ስትተው... እንዲህ ሲያደርግህ... ማን ነበር አብሮህ የተቀመጠው?»

«ማንም» አለ ወንድሙ። «በል ትንሽ ጠጋ በልልኝ፤ ፀሐዩ እኔ ላይ ነው።»